አሜን ሳትይ እንዳትስቢ

እናቴ እንቁራሪቴን ቆሻሻ ውስጥ የጣለቻት ሐሙስ ዕለት ነው።

እንቁራሪት ስል የእውነቷን አይደለም። የጎማ ናት። አውራ ጣት የምታክል፣ ሆዷ ባዶ፣ ከኋላዋ እንደ እግር የሚንዘረፈፉ የላስቲክ ክሮች ያሏት፣ ጀርባዋ ላይ ሁለት መንጠቆ የተኛባት የዓሣ ማጥመጃ። ጭቃዋን ላጥባት ብዬ ሲንክ ውስጥ ትቻት ስልክ ላወራ ወጣሁ። ስመለስ የለችም።

«እማዬ፣ እዚህ የነበረችው የት ሄደች?»

«ጉርጧን ነው?»

«እንቁራሪቷን።»

«ጣልኳት። ሰው የሚበላበት ሳህን አጠገብ! ጉርጥ የነካ እጅ ኪንታሮት እንደሚያወጣ አታውቂም?»

«ጎማ እኮ ናት!»

«ጎማም ብትሆን መልኳ ያው ነው።»

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርትመንታችን ቆሻሻ የሚጣለው ከኮሪደሩ በሚወርድ ቀዳዳ ነው። ቁልቁል ወርውራታለች። ምድር ቤት ወርጄ፣ የእናቴን የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አጥልቄ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ከረጢት እየቀደድኩ ፈለግኳት። የሰው ሩዝና የሕፃን ዳይፐር መሃል አገኘኋት። እየሸተትኩ ወጣሁ። እናቴ አፍንጫዋን ይዛ አየችኝና «ለትምህርትሽ እንዲህ ብትሆኚ ኖሮ!» አለች።

እውነቷን ነው። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሃይስኩል እዚሁ ጨርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የጨረስኩት ነገር የለም። የነርስ ረዳትነት ኮርስ ጀምሬ ተውኩ። ፀጉር ቤት ገብቼ ወጣሁ። ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት እየቆረጥኩ አንድ ክረምት ቆይቼ፣ ያቺ ጠባብ ክፍል አናቴ ላይ ልትደረመስብኝ ስትደርስ ቁልፉን አስረክቤ ሄድኩ። ቁጭ ማለት አልችልም። ለዚህ ይቅርታ ስጠይቅ አትሰሙኝም፤ አፈጣጠሬ ነው። በመኪና ምግብ ማድረስ ጀመርኩ፤ ቢያንስ ይንቀሳቀሳል።

ምግብ ሳደርስ ነው ሚስተር ኧርልን ያገኘሁት። አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ጀልባ ያላቸው፣ ሰው ከፍሏቸው ዓሣ የሚያስጠምዱ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። በእንግሊዝኛ አንተና አንቱ እንደሌለ አውቃለሁ። ግን እናቴ «ባባትሽ ዕድሜ ያለን ሰው በየትኛውም ቋንቋ እሳቸው በይ» ስላለችኝ እሳቸው እላለሁ። ሳንድዊቻቸውን ይዤ ስደርስ ይቺን እንቁራሪት ውሃ ላይ እያስኬዷት ነበር። ግራና ቀኝ እየተወዛወዘች ስትሄድ ሳይ ሳንድዊቹን እንደያዝኩ ቀረሁ። እሳቸውም ምግባቸው እስኪቀዘቅዝ አላባረሩኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ስጨርስ እዚያ ነኝ። አሮጌ ዘንግ ሰጡኝ። ከጸደይ እስከ ነሐሴ ተማርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ካልገባችሁ የቀረው አይገባችሁም። ሰመር ላይ የፖቶማክ ዳርና ዳር በሣር ይሸፈናል። ሰፌድ የሚያክሉ ቅጠሎች ውሃው ላይ ይነጠፋሉ። ሌላ ማጥመጃ ብትወረውሩበት ሣር ጎትቶ ይመጣል። እንቁራሪቷ ግን መንጠቆዋ ጀርባዋ ላይ ስለተኛ ምንም አይዛትም፤ ከቅጠል ቅጠል ትንሸራተታለች፣ ክፍተት ስታገኝ ውሃ ላይ ጠብ ትላለች። ባስ የሚባለው ዓሣ ከታች ሆኖ ያያታል። ሲመጣ አይነክሳትም፣ ውሃውን ያፈነዳዋል! የማያውቅ ሰው ያኔ ደንግጦ ይስባል። ከሳበ አለቀ። ጎማዋ ዓሣው አፍ ውስጥ ስትጨመቅ ነው መንጠቆው ብቅ የሚለው፤ ለዚያ ደግሞ ትንሽ ጊዜ መስጠት አለባችሁ። ቶሎ ከሳባችሁ እንቁራሪቷ ባዶዋን በርራ ፊታችሁ ላይ ትመጣለች።

ሚስተር ኧርል ጀልባቸው ላይ አብሯቸው የሚሠራ ረዳት ነበራቸው። እሱ ወደ ሌላ ስቴት ሊዛወር ሲል ሥራውን ጠየቅኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ አንድ ነገር ከልቤ ፈልጌ ጠየቅኩ ማለት ነው።

«ማጥመድ ትችያለሽ፤» አሉ። «ደንበኛ ግን የሚከፍለው አንቺ እንድታጠምጂ አይደለም። ዘንግ ይዞ የማያውቅ ሰው ዓርብ ጠዋት ይዘሽ ነይ። እኔ ሞተሩ ጋ ቁጭ ብዬ አፌን እዘጋለሁ። ሰውየው በእንቁራሪት አንድ ባስ ካወጣ፣ ሥራው ያንቺ ነው። ካላወጣ፣ ሰኞ የሚመጣ ሌላ ልጅ አለ።»

«በትል አይሻልም? ይቀላል።»

«በትል ማንም ያስይዛል። አንድ ነገር ደግሞ፤ ዘንጉን አንቺ አትነኪም። አፍሽ እንጂ እጅሽ አይሠራም።»

አፌ ይሠራል። በእሱ እንኳን አልታማም።

ሰውየው የምትሆነው ቤቲ ነበረች፤ የሀያትስቪሏ ጓደኛዬ። ዓርብ ገና ጎህ ሲቀድ ኮል አደረገችኝ።

«ስሚ፣ ሺፍት ሸፍኚ ተባልኩ። እምቢ ብል ያባርሩኛል። በማርያም እንዳትጣዪኝ!»

«ቤቲ፣ ዛሬ እኮ ነው!»

«ሪስኬጁል አድርጊው፣ ለሌላ ቀን።»

ስልኩን ዘጋሁባት። የማውቀውን ሰው ሁሉ በሐሳቤ አዟዟርኩ። አንዱ ተኝቷል፣ አንዱ ሥራ ነው፣ አንዱ ልጅነቱን ሐይቅ ዳር ያሳለፈ ነው፣ አይሆንም። ቀና ስል እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። የዕረፍት ቀኗ ነበር። ፍልሰታ ስለነበር ቅዳሴው ከሰዓት ነው፤ እሷ ግን ከጠዋቱ ሄዳ ነው የምትቆመው። ዘንግ ይዛ ታውቃለች? ወንዝ በድልድይ እንኳ ስትሻገር ዓይኗን የምትጨፍን ሴት!

«እማዬ፣ ከእኔ ጋር ነይ።»

«የት?»

«ጀልባ ላይ።»

ሳቀች። ሳልስቅ ስታየኝ አቆመች። ነገርኳት፤ ሁሉንም፣ ቆሜ፣ በአንድ ትንፋሽ። እናቴ አሌክሳንድሪያ ሆቴል ውስጥ ሎንደሪ ነው የምትሠራው። እኔንም እዚያ ለማስገባት ካለቃዋ ጋር ከተነጋገረች ሳምንት አልፏታል።

«ጾም ነው። ዓሣ አልበላም።»

«አይበላም። ይለቀቃል።»

«ይለቀቃል? ታዲያ ለምን ይያዛል?»

ቁልፌን አንቀጫቀጭኩ። እሷ ግን ነጠላዋን እያስተካከለች ታስብ ነበር።

«እሺ፣» አለች። «ለቅዳሴው ታደርሺኛለሽ። ዓሣው ካልተያዘ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ከእኔ ጋር ሎንደሪ ትገቢያለሽ። ክርክር የለም፣ ኩርፊያ የለም። እስከ ገና ሳትለቂ ትሠሪያለሽ።»

እስከ ገና! መስኮት በሌለው ምድር ቤት፣ በእንፋሎት ውስጥ፣ አንሶላ ሳጥፍ ታየኝ።

«እሺ፣» አልኩ።

ከመነሳታችን በፊት በስልኬ የማጥመጃ ፈቃድ አወጣሁላት። «ለአንድ ቀን ዓሣ ፈቃድ?» አለች። «እዚህ አገር ለማስነጠስም ሳያስፈልግ አይቀርም።» ቤልትዌዩን፣ የከተማውን ዙሪያ መንገድ፣ ይዘን ወርደን ድልድዩ ላይ ስንደርስ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ መሪውን ጨብጬ ይህን ድልድይ ከላይ ዓይኗን ጨፍና የምታልፍ ሴት ዛሬ ከሥሩ በጀልባ ላሳልፋት ነው ብዬ አሰብኩ። እብድ ነኝ። ግን ወስኛለሁ።

ሚስተር ኧርል እናቴን ከነነጠላዋ ሲያዩ ኮፍያቸውን አነሡ። «ሚስ አስካለ» አሏት፤ ስሟን ነግሬያቸው ነበር። እናቴ ከወገቧ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸውና ከቦርሳዋ የሙዝ ዘለላ አወጣች። ለእኔና ለእሳቸው ነው፤ እሷማ ጾመኛ ናት። ሽማግሌው እባብ እንዳየ ሰው ዘለሉ።

«ሙዝ ጀልባ ላይ አይገባም! ዓሣ ያባርራል! ንገሪያት።»

ነገርኳት። እናቴ ሙዙን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች።

«እኔ ኪንታሮት ስል ስቀሽብኝ የለም? እሳቸው ሙዝ ይፈሩልሻል!»

ሙዙ መኪና ውስጥ ቀረ። ብርቱካናማውን ሕይወት አዳኝ ጃኬት ከነጠላዋ በላይ አጠለቅኩላት። ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ውዳሴ ማርያም ጀመረች። በድልድዩ ሥር አለፍን፤ ዓይኗን አልጨፈነችም። ቀና ብላ የድልድዩን ሆድ አየችና «ለካ ይሄን ያህል ጠንካራ ነው!» አለች።

ወደ አንድ ጠባብ ገባር ገባን። ሁለቱም ዳር በሣርና በቅጠል ተሞልቷል። ፖቶማክ እዚህ እንደ ባሕር ነው፤ ውሃው ይሞላል፣ ይጎድላል። ጠዋት እየጎደለ ነበር። ሲጎድል ጥሩ ነው፤ ሣሩ ይነጠፋል፣ ዓሣውም ከሥሩ ይሸሸጋል። በጣም ሲጎድል ግን ጀልባው ጭቃ ላይ ይቀመጣል። ሚስተር ኧርል አንዲት ከውሃ ብቅ ያለች እንጨት በጣታቸው አሳዩኝ፤ በእሷ ወገብ ላይ ያለው ጥቁር መስመር ሲወጣ እንመለሳለን ማለታቸው ነው። ከዚያ ሞተሩን አጠፉና አፋቸውን ዘጉ።

ዘንጉን ለእናቴ ሰጠኋት። ማስተማር ጀመርኩ።

«አውራ ጣትሽን እዚህ፤ ይሄን ተጫኚ፤ ወደኋላ አድርገሽ ወደፊት ስትልኪው ጣትሽን ልቀቂ፤ አይደለም፤ አሁን አይደለም፤ ቶሎ ለቀቅሽ፤ አሁን ደግሞ ዘገየሽ፤ እማዬ!»

እንቁራሪቷ እግራችን ሥር ወደቀች። ቀጥሎ ከኋላችን። ቀጥሎ ክሩ እንደ ወፍ ጎጆ ተጠላለፈ፤ ዘንጉን መንካት ስለማልችል እሷው ስትፈታው ዘመን ፈጀ። ፀሐይ ወጣች። ውሃው ቀስ በቀስ ወደ እንጨቷ መስመር እየወረደ ነው። እኔ ደግሞ ይበልጥ በጮኽኩ ቁጥር እሷ ይበልጥ ይጠፋባታል።

«ልጄ፣» አለች በመጨረሻ፣ «አሥር ነገር ባንዴ ነው የምትነግሪኝ። እኔ የማውቀውን ንገሪኝ።»

የምታውቀውን? እናቴ የምታውቀው ምንድን ነው? አንሶላ። ሎንደሪ ስወስዳት አይቻታለሁ፤ ትልቁን አንሶላ ይዛ፣ ክንዷን አንዴ ብቻ ወደኋላ ስባ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ስታሳርፈው አንድ መጨማደድ አይኖረውም።

«አንሶላ ጠረጴዛ ላይ እንደምትዘረጊው አድርጊ፤» አልኳት።

ዘንጉን አየችው። ክንዷን ወደኋላ ሳበች። እንቁራሪቷ በአየር ላይ ተንሳፍፋ ሄዳ ከቅጠሎቹ ማዶ ጠብ አለች። ድምፅ እንኳ አላሰማችም። ከኋላዬ የሚስተር ኧርል ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ቀና ብለዋል ማለት ነው።

«አሁን ነካ ነካ አድርጊያት። ዱቄት በወንፊት እንደምትነፊው። አዎ! እንደሱ።»

እንቁራሪቷ በቅጠል ላይ ወጣች፣ ወረደች፣ ራሷን ግራና ቀኝ እያደረገች መጣች። እናቴ ሳታስበው ፈገግ አለች። «እያት፣ እያት፣ ጉርጧ ትጨፍራለች!» ብላ ሳትጨርስ ውሃው ፈነዳ።

ቅጠሎቹ ተገነጣጠሉ። እናቴ «በስመ አብ!» አለችና ቀኝ እጇን ከዘንጉ አንሥታ ግንባሯን ያዘች፤ ልታማትብ። እኔ ደግሞ ምን እንዳደረግኩ ሳላውቅ ዘንጉን ከግራ እጇ ነጥቄ ሳብኩት። እንቁራሪቷ ከውሃው ወጥታ በጆሮዬ በኩል እያፏጨች አለፈችና የሚስተር ኧርልን ኮፍያ መታች።

ውሃው ላይ ክብ ክብ ብቻ ቀረ።

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። እንቁራሪቷን ከጨርቁ ነቅለው ወደ ውሃው ወረወሯት። ኮፍያውን መልሰው ደፉ።

«አንዴ ነው፤» አሉ። «ሁለተኛ ዘንጉን ብትነኪ ሞተሩን አስነሳለሁ።»

እናቴ ትርጉም አላስፈለጋትም። ዘንጉን ከእጄ ወሰደች።

ሁለተኛው ከብዙ ውርወራ በኋላ መጣ። ይህኛው ትንሽ ነበር፤ ጧ ብሎ ብቻ እንቁራሪቷን ዋጣት። እጄን ያዝኩ፤ አፌን ግን አልያዝኩም። «ሳቢ! ሳቢ! እማዬ ሳቢ!» ብዬ ጮኽኩ። ከዓሣው ይልቅ በእኔ ደንግጣ ሳበች። እንቁራሪቷ ባዶዋን መጣች።

«አንቺ ነሽ ያስደነገጥሽኝ!» አለች ዞራ። ዓይኗ ቀልቷል። «ምን ያንጫጫሻል? እሳት ተነሣ?»

«ማን ተንጫጫ? ልረዳሽ ነው!»

«እንዲህ ነው እርዳታ? ሕፃን ሆነሽ ስትራመጂ እንዲህ ብጮኽብሽ ኖሮ እስከዛሬ ትድሂ ነበር።»

ቁጭ አልኩ። ፊቷ በላብ ርሷል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፏ አልዞረም። የነሐሴ ሙቀት ወንዙ ላይ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ነው፤ ይጫናል። ከንፈሯ ደርቋል። እንጨቷ ላይ ጥቁሩ መስመር ጫፉ ብቅ ብሏል። ያኔ ነው ልቤ የሸፈተው። ትቼ የሄድኩባቸው ሥራዎች ሁሉ ያቺ ስሜት ነበረቻቸው። በቃ፣ ይቅር፣ እንሂድ የምትል።

«እማዬ፣ ደክሞሻል። እንመለስ።»

«ለማን ብለሽ ነው?»

«ለአንቺ። ጾመሻል፣ ሙቀቱ...»

«በእኔ አታሳቢ። እኔ ሎንደሪ ውስጥ ከዚህ የባሰ ሙቀት ነው የምውለው፤ ያውም ነፋስ የለው፣ ወፍ የለው። መመለስ ከፈለግሽ 'እኔ ፈለግሁ' በይ። በእኔ ጾም ተከልለሽ አትሽሺ።»

እንዲህ ናት እናቴ። እኔስ የማንን አፍ ወረስኩ?

ሽማግሌው ወዳልተነካው ወደ ግራው ዳር ጀልባዋን በዝግታ ቀዘፉልን። እኔ ቅጠሎቹን እያየሁ ነበር። እያሰብኩ። መጀመሪያ ላይ ምን ሆነ? ዓሣው ሲመጣ እናቴ አልሳበችም። ጭራሽ! እጇን አነሣች። በስመ አብ አለች። እናቴ ደንግጣ በስመ አብ ሳትል ያደረገችው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ብርጭቆ ሲሰበር፣ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ፣ ስልክ በድንገት ሲጮኽ፣ መጀመሪያ ታማትባለች፤ ጀምራ ደግሞ ከመንገድ አትተውም። ግንባር፣ ደረት፣ ግራ ትከሻ፣ ቀኝ ትከሻ፣ አሜን። ያ ሁሉ ጊዜ ዓሣው እንቁራሪቷን እያኘከ ነው! እኔ ነጥቄ ያበላሸሁት «በስመ አብ» ላይ ነው። «ወወልድ» እንኳ አላለችም።

«እማዬ፣» አልኩ። «ስሚኝ። ሲመጣ አማትቢ።»

«ምን?»

«እንደ ልማድሽ። ሙሉውን በይ። በቀኝ እጅሽ አማትቢ፣ ዘንጉን በግራሽ ብቻ ያዢ። አሜን ሳትይ እንዳትስቢ። አሜን ስትይ በሁለት እጅሽ፣ እንደ ውሃ የያዘ ብርድ ልብስ ከማሽን እንደምታወጪው፣ ባለ በሌለ ኃይልሽ።»

ተቆጣች። «የፈጣሪን ስም ለዓሣ ማጥመጃ? ያውም ለጉርጥ?»

«ለሥራ ነው። ሥራ በስመ አብ ተብሎ አይጀመርም? ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ወደ ውሃው ዞረች። «ከደነገጥኩማ ብትነግሪኝም ባትነግሪኝም ማማተቤ አይቀርም፤» አለችና አንሶላዋን ዘረጋች። እንቁራሪቷ ሁለት ሰፋፊ ቅጠሎች መሃል አረፈች።

እጆቼን ከመቀመጫዬ በታች አስገብቼ ተቀመጥኩባቸው። የነጠላዋን ጫፍ ከወንበሩ ላይ አንሥቼ ነከስኩት።

አንድ ቅጠል በራሱ ተነቃነቀ። ነፋስ አልነበረም። እናቴም አየችው። ነካ ነካ አደረገች፤ አቆመች። ማንም አቁሚ አላላትም። እንቁራሪቷ ቆማ ላስቲክ እግሮቿ ውሃው ላይ ቀስ ብለው ተዘረጉ።

ፈነዳ!

«በስመ አብ...»

እጇ ግንባሯ ላይ ነው። ውሃው ገና እየወረደ ነው። እንቁራሪቷ የለችም። ክሩ ወደ ታች ሲሄድ ይታየኛል። ጥርሴ ነጠላው ውስጥ ገብቷል።

«...ወወልድ...»

ደረቷ። ክሩ ወደ ሣሩ እየገባ ነው። ሊተፋት ነው! ሳቢ፣ ሳቢ፣ ሳቢ፤ ሁሉም ውስጤ ነው፤ አንዱም አልወጣም።

«...ወመንፈስ ቅዱስ...»

ግራ ትከሻ፣ ቀኝ ትከሻ። ቄስ ፊት የቆመች ይመስል አንዲት ፊደል አልዋጠችም። የዘንጉ ጫፍ ጎበጠ።

«...አሐዱ አምላክ አሜን!»

በሁለት እጇ ሳበች። ዘንጉ ለሁለት የሚታጠፍ መሰለኝ። ጀልባዋ አዘነበለች። ሣሩ ተነሣ፤ አንድ ትልቅ የሣር ክምር ውሃው ላይ እየተጎተተ መጣ፣ መሃሉ ላይ ጭራ ይማታል። እናቴ እግሯን ጠርዙ ላይ ተክላ፣ «ና! ና! ወዴት ትሄዳለህ? ና!» እያለች ታጠነጥናለች። ሃያ ዓመት የረጠበ አንሶላ ያወጣ ክንድ ነው፤ ዓሣው ምን ዕድል አለው? መረብ ከሥሩ አስገባሁለት፤ መረብ መያዝ አልተከለከልኩም። ሣሩን ስገልጠው አረንጓዴ፣ ሰፊ፣ አፉ ቡጢ የሚያስገባ ባስ። እንቁራሪቷ ከንፈሩ ጥግ ላይ ተሰክታለች።

ያኔ ጮኽኩ። ድምፄ አሌክሳንድሪያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

እናቴ አልጮኸችም። ቁጭ አለችና ዓሣውን አየችው። የታችኛውን ከንፈሩን እንዴት እንደሚያዝ አሳየኋት፤ ያዘችው። ኪንታሮት አላነሣችም። ትንሽ አነሣችው፣ ፎቶ አነሣኋት፣ ከዚያ ውሃው ውስጥ አስገባችው። «ሂድ፣» አለችው። «ጾም ነው፤ እድለኛ ነህ።» በእጇ ውስጥ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ በጭራው ውሃ ረጭቶባት ጠፋ።

ሚስተር ኧርል ሞተሩን ሳያስነሡ «ምን ነበር የምትለው?» ብለው ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው። ረጅም ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ደንበኛን 'እስከ ሦስት ቁጠር' ስል ኖሬአለሁ፤» አሉ። «ሲደነግጡ ቁጥሩን ይዘሉታል። እሷ አንድም አልዘለለችም።»

የእንጨቷ መስመር ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ነበር። ስንመለስ የጀልባዋ ሆድ ጭቃውን እየነካ ነበር የወጣነው። መንገዱን ሁሉ ሽማግሌው ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወደቡ ላይ እናቴን ደግፈው አወረዷት፤ ኮፍያቸውን አነሡላት። ከዚያ መቻል አቃተኝ።

«ታዲያ ሰኞ ልምጣ?»

ዞረውም አላዩኝ። «ጀልባ ታጥቦ ነው የሚያድረው፤» አሉ። «ስፖንጁ ከወንበሩ ሥር ነው።»

«አሁን? እናቴን ቤተ ክርስቲያን ላደርሳት...»

«አድርሺና ተመለሺ።»

ለቅዳሴው አደረስኳት። ጭቃ የተረጨበትን ነጠላዋን ገልብጣ ለበሰች። ተመልሼ ጀልባዋን አጠብኩ፤ ማንም እንደዚያ አጥቧት አያውቅም።

ይኸው ሥራውን ከያዝኩ ሦስተኛ ሰመሬ ነው። አሁንም ቁጭ ማለት አልችልም። አንዳንዱ «ትዕግሥት ተማርሽ?» ይለኛል። አልተማርኩም፤ የሚሸነግላችሁን ሰው አትመኑ። የተማርኩት ሌላ ነው፤ ሰው የሌለውን ነገር አምጣ ብላችሁ ብትጮኹበት አይሰማችሁም። ያለውን ፈልጉለት። ጀልባዬ ላይ የሚመጣውን ሁሉ መጀመሪያ «ስትደነግጥ ምን ትላለህ?» ብዬ ነው የምጠይቀው። የፌርፋክሱ የወሎ ልጅ «ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም» ብሎ ሲጨርስ ይስባል፤ ልክ ነው፣ አንድ ዓሣ አላመለጠውም። አንዲት ፈረንጅ የሦስት ልጆቿን ስም ትጠራለች። አንዱ ደግሞ ስድብ ነው የሚያወጣው፤ ረጅም ስድብ ስለሆነ ይሠራለታል። እናንተስ? የምትፈልጉት ነገር ውሃውን አፈንድቶ ፊታችሁ ሲመጣ፣ ከመሳባችሁ በፊት የምትሉት ምንድን ነው? ከሌላችሁ ፈልጉ። ሰው ሊያስተምራችሁ አይችልም፤ ቤታችሁ ውስጥ ያለ ነው።

እኔ ራሴም የመጀመሪያውን የጀልባ ነጂነት ፈተና ስወድቅ፣ ወረቀቱን ቀድጄ መሄድ አማረኝ። ግንባሬን ነካሁ። አሜን እስክል ድረስ ንዴቴ አለፈ። በሁለተኛው አለፍኩ። ከሃይስኩል ወዲህ የጨረስኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

እናቴ ሁለተኛ ጀልባ ላይ አልወጣችም። «አንዴ ያዝኩ፣ በቃኝ» ትላለች። እንቁራሪቷም ኩሽናችን አትገባም፤ በረንዳ ላይ ናት። ግን በቀደም ሎንደሪ አብራት የምትሠራ ጓደኛዋ ፎቶውን አይታ ስልክ ደወለችላት። ስፒከር ላይ ነበር፤ ሴትየዋ እየሳቀች «አስካልዬ፣ ያን የሚያክል ዓሣ ይዘሽ ለቀቅሽው? ታዲያ ምን ተረፈሽ?» አለቻት።

እናቴ እኔ በረንዳ ላይ መሆኔን አላወቀችም።

«ዓሣውማ ሄደ፤» አለች። «የቀረችው ልጅቷ ናት።»